መሳቢያ ውስጥ ስለሚኖር መመሪያ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ የከተማ ነዋሪ ውሃው ተቋርጦበት ወደ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ ለረጅም ዘመን ያገኝ የነበረው መልስ «መመሪያው አይፈቅድም» የሚል ነበር። መመሪያውን ልየው ቢል ደግሞ የውስጥ አሠራር ነው ይባላል። አዋጅና ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ታትመው ይወጣሉ፤ የዜጋውን የዕለት ኑሮ ይበልጥ የሚነካው መመሪያ ግን በኃላፊው መሳቢያ ተቆልፎ ይኖር ነበር። ጠበቃው እንኳ የሚከራከርበትን ጽሑፍ ለማግኘት አስቀድሞ ደጅ መጥናት ነበረበት።

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የተነሣው ይህን ልማድ ለመለወጥ ነው። አዋጁ የፌዴራሉን አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ሳይሆን፣ ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆኑትን የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ከተማ አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። የክልል ከተሞች ግን ከአዋጁ ወሰን ውጭ ናቸው፤ የባሕር ዳር ወይም የሐዋሳ ደንበኛ መብቱን በየክልሉ ሕግ መፈለግ ይኖርበታል።

አሁን መመሪያ የሚያወጣ ተቋም ረቂቁን ለሕዝብ ይፋ ማድረግ፣ አስተያየት መቀበል፣ የመመሪያውንም ምክንያት በማብራሪያ ጽሑፍ መግለጽ አለበት። ከዚያም መመሪያው ይመዘገባል፤ ምዝገባው አዋጁ ሲወጣ ለፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የተሰጠ ሲሆን፣ ከ2014 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቶች አደረጃጀት ወዲህ የፍትሕ ሚኒስቴር ሥራ ሆኗል። ከአዋጁ ድንጋጌዎች ሁሉ ኃይለኛው ይኸው ነው፤ ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውምና። የተቋሙ ውሳኔም በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ግዴታ ተጥሏል። ቅር የተሰኘ ሰው በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ መንገድ ከጨረሰ በኋላ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ዳኛ የውሃ ታሪፍ አያወጣም። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው የውሳኔውን ሕጋዊነት እንጂ ዋጋው ይብዛ ይነስ የሚለውን አይደለም። ይሁን እንጂ የውሃ ነገር እንደ ማናቸውም ሸቀጥ አይታይም። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውለውን ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ አስቀድሞታል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውሃ ለሁሉም እንዲዳረስ የፖሊሲ ዓላማ አድርጎታል። ምክንያት ሳይገልጽ የቤተሰብን ውሃ የሚዘጋ ሹም ከእነዚህ ሕጎች መንፈስ ርቆ ይገኛል።

መንግሥት አሠሪ ሲሆንም ጥያቄው አንድ ነው። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞችን ለማስተዳደር የወጣው ደንብ ቁጥር 155/2000፣ በሙስና የተጠረጠረንና እምነት የታጣበትን ሠራተኛ ዋናው ዳይሬክተር ያለ መደበኛ የዲሲፕሊን ሥርዓት እንዲያሰናብት ፈቅዶ ነበር፤ በዚህ የተሰናበተ ሰው በማናቸውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራው እንዳይመለስም ከልክሎ ነበር። የአንቀጹ ቁጥር 37 ነበር። ፍትሕ የማግኘት መብትን የደነገገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽም 37 መሆኑ ለሕግ ሰው መራራ ቀልድ ነው።

ሙስናን መዋጋት ተገቢ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሳይሰማ የተባረረው ሠራተኛ ሙሰኛ ይሁን ንጹሕ፣ ከመዝገቡ ሊታወቅ አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር የውሃ አቅራቢ ድርጅት ሠራተኛም ጉዳዩ የተለየ ነው፤ ሥራው እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ የሕዝብ አገልግሎቶች ስለሚቆጠር የሥራ ማቆም እርምጃ ሊወስድ አይችልም፤ የደመወዝ ክርክሩ ለጊዜያዊ ወሳኝ ቦርድ ይቀርባል። ሥራ ማቆም ለተከለከለ ሰው ከመሰማት ሌላ ምን መሣሪያ ይቀረዋል?

የተቋማት ነገረ ፈጆች ዛሬ ከሁሉ አስቀድመው ሊያደርጉት የሚገባ ቀላል ሥራ አለ፤ ይኸውም መሥሪያ ቤታቸው በየዕለቱ የሚጠቅሰው መመሪያ የምዝገባ ቁጥር ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከሳሽ ወገን ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀጠሮ ያነሣዋል።