ከቅጣቱ ማግስት፦ በወንጀለኞች መዝገብ ለሰፈሩ ሰዎች የሚሰጥ የድጋፍ አገልግሎት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



በሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ቅጣት ብዙ እናስተምራለን፤ ቅጣቱ ስላለቀበት ማግስት ግን የምንለው ጥቂት ነው። ዛሬ ይህንኑ ማግስት እጅግ አስቸጋሪ በሆነው መልኩ ላነሣ እፈልጋለሁ። በሰሜን አሜሪካ በወሲብ ወንጀል ተፈርዶባቸው ስማቸው በመዝገብ የሰፈረ ሰዎችን የሚረዱ ትንንሽ አገልግሎቶች አሉ። እንዴት ይሠራሉ? ለምንስ ያስፈልጋሉ?

አስቀድሜ ስለ መዝገቡ ልበል። ካሊፎርኒያ መዝገብ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በ1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሌሎቹም ግዛቶች ይህንኑ እንዲያደርጉ የገንዘብ ድጎማን መያዣ አድርጎ ጠየቀ፤ በ1996 ደግሞ መረጃው ለሕዝብ እንዲገለጥ ተወሰነ። የ2006ቱ ሕግ ተመዝጋቢዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል፤ የመጀመሪያው ለ15 ዓመት በየዓመቱ፣ ሁለተኛው ለ25 ዓመት በየስድስት ወሩ፣ ሦስተኛው ዕድሜ ልኩን በየሦስት ወሩ በአካል ይቀርባል። መኖሪያ ወይም ሥራ የለወጠ ሰው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። እያወቀ ያላሳወቀ ሰው የፌዴራሉ ሕግ በሚሸፍናቸው ሁኔታዎች እስከ 10 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 ከአላስካ በመጣ ጉዳይ ምዝገባው ቅጣት ሳይሆን አስተዳደራዊ ሥርዓት ነው ሲል ወስኗል። የሕግ አመክንዮውን እረዳለሁ፤ ሆኖም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅን ግዴታ ቅጣት አይደለም ብሎ ለተመዝጋቢው ማስረዳት የሚችል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ፣ በኦንታሪዮዋ ሃሚልተን ከተማ ነው። በሕፃናት ላይ ወሲባዊ ጥቃት በመፈጸም ተደጋግሞ የተፈረደበት አንድ ሰው የእስራት ዘመኑን እስከ መጨረሻዋ ቀን ጨርሶ ወጣ። በአመክሮ የተፈታ ሰው የሚከታተለው ባለሥልጣን አለው፤ ሙሉውን የጨረሰ ግን ተከታታይም ረዳትም የለውም። ሕጉ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈራውን ሰው እስከ ፍጻሜው ይዞ፣ በፍጻሜው ብቻውን ይለቀዋል ማለት ነው። ከተማዋ ተሸበረች። የሜኖናይት ቄስ የነበሩት ሃሪ ናይ (የእኛ አገር የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዚሁ የእምነት ቤተሰብ አባል ናት) ጥቂት ምእመናንን አስተባብረው ሰውየውን ከበቡት። «የድጋፍና የተጠያቂነት ክበብ» የተባለው አሠራር ከዚህ ተወለደ፤ በኋላም መዝገብ ወዳላቸው ወደ ብሪታንያና ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ሠልጥነው አንድን ሰው ይይዛሉ፤ በየሳምንቱ አብረው ይቀመጣሉ፤ በመካከሉም በየተራ ይደውሉለታል። ከኋላቸው የሥነ ልቡና ባለሙያዎች፣ የፖሊስና የማረሚያ ሠራተኞች ያሉበት ሁለተኛ ክበብ ለምክር ይቆማል። ግንኙነቱ በጽሑፍ ቃል ኪዳን ይታሰራል። ሰውየው የፈጸመውን ሳያለዝብ ለክበቡ ይናገራል፤ ክበቡ የሰማውን ወደ ውጭ አያወጣም፤ በሌላ ሰው ላይ አደጋ የሚያስከትል ነገር ካወቀ ግን ለሚመለከተው አካል ያሳውቃል። ሰውየው ይህን አውቆ ነው የሚፈርመው። እድርን የምታስቡ ተማሪዎች ትኖራላችሁ፤ ተመሳሳይነቱ በከፊል ነው። በእድር ሰው ጎረቤት በመሆኑ ይታቀፋል፤ እዚህ ግን አቃፊዎቹ ሊሸሹት የሚገባቸውን ምክንያት ሁሉ አስቀድመው ሰምተው ነው የሚመጡት።

የዕለት ሥራው አብዛኛው ተራ ጉዳይ ነው፤ የመታወቂያ ወረቀት ማውጣት፣ የምዝገባ ቀን እንዳያልፍ መቁጠር፣ ወደ ምዝገባ ቢሮ አብሮ መሄድ፣ ፈቃደኛ አከራይ መፈለግ። ከዚህ ውስጥ ቤቱ ይከብዳል። በፍሎሪዳ፣ የማያሚ ዴድ አውራጃ በ2005 ተመዝጋቢዎች ከትምህርት ቤት በ2,500 ጫማ፣ ማለትም በ760 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ እንዳይኖሩ ደነገገ። በተጨናነቀ ከተማ ካርታ ላይ ይህን ክብ ደጋግማችሁ ብትስሉት የሚተርፍ መሬት ጥቂት ነው። በርካታ ሰዎች ጁሊያ ተትል በተባለው ድልድይ ሥር በድንኳን መኖር ጀመሩ፤ ሰፈራው የተበተነው በ2010 ነው። የድልድይ ሥር ኗሪ አድራሻ ይመዘገባል፤ ሰውየው ግን ሥራ ለመያዝ፣ ሕክምናውን ለመቀጠል፣ ሌሊት ለመተኛት አይችልም። እነዚህ ሲጎድሉ ደግሞ አደጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

መዝገቡ የማይሠራውን ክበቡ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። መዝገብ ሰውየው የት እንደሚያድር ይናገራል። ከሥራ ሲመለስ አጭሩን መንገድ ትቶ ለምን በመጫወቻ ሜዳ በኩል እንደመጣ ሊጠይቀው አይችልም። «ሰሞኑን ስልክ አታነሣም፤ ምን ሆነሃል?» የሚለውን የሚጠይቅ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ያውም የልደት ቀኑን አብሮት ያከበረ ሰው ሲጠይቀው እውነቱን ለመደበቅ ይከብደዋል። በመሆኑም ድጋፉንና ተጠያቂነቱን ለሁለት መክፈል የሚሹ ወገኖች አሠራሩን ያልተረዱት ይመስለኛል።

ውጤቱስ? በሚኒሶታ ግዛት አሠራሩ በ2008 ተጀምሮ ተሳታፊዎች በዕጣ ተመድበዋል። በ2018 በወጣው ግምገማ ክበብ ካገኙት 50 ሰዎች በአዲስ የወሲብ ወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘው አንድ ሲሆን፣ ካላገኙት 50 ሰዎች ደግሞ ሰባት ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ተማሪዎቼ በዚህ ላይ ብቻ ሕንጻ እንዲሠሩ አልመክርም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከተጎጂዎች ወገን የሚመጣው ነው፦ «እኛን ማን ከበበን?» ይህን ጥያቄ ማድበስበስ አይገባም። ለተጎጂዎች የሚመደበው ገንዘብና ጊዜ በብዙ አገር ያንሳል፤ ለበደለኛው አምስት ሰው በየሳምንቱ ሲሰበሰብ ማየት የሚያም ነው። እኔ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የክበቡ ሥራ የሚለካው በሰውየው ምቾት ሳይሆን ሌላ ሕፃን ባለመጎዳቱ ነው። ስለዚህም ለተመዝጋቢው መብት መሟገትን ከዚህ አገልግሎት መለየት እመርጣለሁ። ሙግቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ክበቡ ጠበቃ የሆነ ዕለት ከባዱን ጥያቄ የሚጠይቅ ይጠፋል።

ወደ ራሳችን ሕግ ስንመለስ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ከአንቀጽ 232 ጀምሮ «መሰየም» የሚል ሥርዓት አለው። የተቀጣ ሰው ሕጉ ያስቀመጠው ጊዜ ሲያልፍና መልካም ጠባይ ሲያሳይ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። የአሜሪካው የዕድሜ ልክ ምዝገባ ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ነው። ይሁንና መሰየም የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሰውየው ከማረሚያ ቤት በር ወጥቶ እስከዚያ ድረስ ባሉት ዓመታት ከማን ጋር ይኖራል ለሚለው ሕጋችን መልስ የለውም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ ጀምሩ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።