ፊሽካው ሲነፋ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ ሥራችሁን ትታችሁ በዚህ ሐሩር ስለ መጣችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም አመሰግናለሁ። የወር መዋጮውን ነገር ገንዘብ ያዣችን ኋላ ያነሡታል። ለእኔ የተሰጠኝ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ፊሽካ ተነፋና ሰው ሁሉ ልጁን አዝሎ ወደ ከፍታው ወጣ። ውሃው ግን ከግንቡ ሳያልፍ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቡና በተፈላበት ሁሉ የሚወራው «በከንቱ ቀሰቀሱን፣ ሕፃናቱን ዝናብ አስመቱብን» የሚል ነው። አንዳንድ አባላትም ያለ ነገር ፊሽካ የነፋ ሰው በገንዘብ ይቀጣ ሲሉ በጽሑፍ አቅርበዋል። ጽሑፉን አክብሬ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አልስማማበትም። የማልስማማበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

የኛ የድሬዳዋ ጎርፍ ቀስ እያለ የሚሞላ አይደለም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ እንሻገርበታለን፣ እንነግድበታለን፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚወርደው ላይ፣ በደንገጎና በሐሮማያ በኩል ባለው ደጋ ነው። እዚህ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሆኖ ሳለ ውሃው ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «እኔ እኮ ጠብታ እንኳ አላየሁም» ማለት በኛ ከተማ ማስረጃ አይሆንም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. የመጣው ጎርፍ ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ደርሶ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ፤ በሺ የሚቆጠሩትንም ቤት አልባ አደረገ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር ግንብ ተሠራ፤ መልካም ሥራ ነው። ግንብ ግን ሰው አይቀሰቅስም።

ይህ በድሃ አገር ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በስፔን አገር በቫሌንሲያ የሆነውን ይመልከት። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ በማለዳ ከፍተኛውን፣ ቀይ የሚባለውን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በየሰዉ ስልክ ላይ የሚጮኸው መልእክት የተላከው ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ብዙ ሰው በመኪናው ውስጥና በምድር ቤት ተይዞ ነበር። ከ220 በላይ ሰው አለቀ። ወሬው ጠዋት ነበረ፣ ሰው ጆሮ የደረሰው ማታ ነው።

እንግዲህ ቅጣቱን እናውጣ እንበል። ዘበኛው ላይ ካሉት ሰዎች ስልክ ተደወለለት፤ «ውሃ እየመጣ ነው» አሉት። ምን ያደርጋል? ኪሱን ያስባል። «እስቲ በዓይኔ ልየው» ብሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። በዓይኑ ባየው ጊዜ ደግሞ የታችኛው ረድፍ ቤቶች ውሃ ገብቷቸዋል። እርግጠኛ እስኪሆን የሚጠብቅ ጠባቂ ለኛ ምን ይረባናል? አንድ ሌሊት በከንቱ መነሣት እንቅልፍ ያሳጣል፤ አለመነሣት የሚያሳጣውን እዚህ የተቀመጣችሁ ብዙዎቻችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ሌላው የምናገረው ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ስለምናደርገው ነው። ሰው ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ወዲያው አይነሣም። መጀመሪያ ወጥቶ ያያል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን «እውነት ነው እንዴ?» ይላል፣ ከዚያ ለቴሌቪዥኑና ለፍየሉ ይመለሳል። ደቂቃው የሚያልቀው በዚህ ነው። አንዳንዱማ ድልድይ ላይ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፤ ምን እንደምለው አላውቅም። በኃይል የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ጎልማሳ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ባጃጅ ነጂዎቻችን ይህን ስሙኝ፣ «ቶሎ ልለፍ» የሚባል ነገር የለም።

ኮሚቴው ያሰበው እንዲህ ነው። ፊሽካ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይነፋል። ጩኸቱ በአማርኛ ብቻ አይሁን፤ በኦሮምኛ ሎላ፣ በሶማሊኛ ዳድ እየተባለ ይጠራ፤ የሰፈራችን ሰው ሁሉ በአንድ ቋንቋ አያልምም። የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያም እንዲረዳን አባቶችን እንለምናለን። ብቻቸውን የሚኖሩ እማማዎችና አባባዎች፣ ጆሮአቸው የከበደ፣ መራመድ የማይችሉ ሁሉ ስማቸው ተመዝግቦ ለእያንዳንዳቸው በር የሚያንኳኩ ሁለት ወጣቶች ይመደባሉ። ሁለት ያልነው አንዱ ከከተማ ቢወጣ ሌላው እንዲገኝ ነው። በክረምቱ ወራትና በበልግ ከየረድፉ አንድ ስልክ ሌሊት ሳይዘጋ ያድራል።

የቅጣቱ ሐሳብ አሁን ለድምፅ ይቀርባል። የምትደግፉም የምትቃወሙም እጃችሁን በግልጽ አውጡ፤ ቆጥሬ በቃለ ጉባኤው እጽፈዋለሁ። ወጣቶች ስማችሁን ለማስመዝገብ ከስብሰባው በኋላ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ እጠብቃችኋለሁ።