ወገብና አንገት ለማን ይሰጣል?

እሷ፦ ከላስታ ሸለቆ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገቱን የምትወጣ እናት ወገቧን ስትታመም ቀድማ የምትሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው።

እሱ፦ አይፈረድባትም፤ ቅርቧ እሱ ነው። በቅቤ አሽቶ፣ በጣቱ ዳስሶ ውልቃት የሚመልስ አለ። አሜሪካዊው ፓልመርም በ1895 እ.ኤ.አ. ካይሮፕራክቲክ የሚባለውን ሕክምና የጀመረው አከርካሪን በእጅ አስተካክላለሁ ብሎ ነው።

እሷ፦ የሰለጠነ ባለሙያ ግን እጁን ከማሳረፉ በፊት ይጠይቃል፣ ይመረምራል። እኔን የሚያስፈራኝ የአከርካሪ ቲቢ ነው። አጥንቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ የተበላውን አጥንት ሲጫኑት ሊፈርስ፣ ህብለ ሰረሰርን ሊጎዳና እግር ሽባ ሊያደርግ ይችላል። መድኃኒቱ እኮ በነፃ ነው የሚሰጠው!

እሱ፦ አንገትስ? በኃይል ሲጠመዘዝ፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ስር ሊቀደድ ይችላል። «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ደግሞ የመገጣጠሚያ አየር እንጂ አጥንት ቦታው መግባቱ አይደለም። የእኔን አንገት ማንም አይጠመዝዝም።

እሷ፦ ወጌሻውን ግን አናባርረው፣ እናሰልጥነው። ሌሊት የሚያልበው፣ የከሳ፣ እግሩ የደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ሲመጣበት ሳይነካው ወደ ሐኪም ይላከው።

እሱ፦ እነዚህ ምልክቶች የሌሉበት የወገብ ሕመም አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ተኝቶ መክረም ነው የሚያብሰው፤ ቀስ እያሉ መራመድ ይሻላል። ጀሪካኑን ግን ለጊዜው ሌላ ሰው ይሸከምላት።