ማግሥቱን መጠየቅ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት በእግሩ የወጣ ሰው ሁሉ ፒያሳ ዳገት ላይ መሆኗን ያውቃል። እኔ ይህን ዳገት ለብዙ ዓመታት እንደ መድኃኒት ሳዝ ኖሬአለሁ። «ደከመኝ» ብሎ ለመጣ፣ በምርመራም የደም ማነስ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ላልተገኘበት በሽተኛ «በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ ይራመዱ» እል ነበር። ዛሬ የቆምሁት ይህ ምክር አንዳንዶቹን መጉዳቱን ለመናገር ነው።

ከእነዚህም አንዷ ዶሮ ማነቂያ ይኖሩ የነበሩ መምህርት ናቸው። ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ታመው ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ድካሙ ግን ቀረ። ምክሬን ተቀብለው እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደርሰው ይመለሱ ጀመር። በሄዱበት ቀን ደኅና ነበሩ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ራሳቸውን ከትራስ ማንሣት ያቅታቸዋል፣ ብርሃን ያውካቸዋል፣ ቃል ይጠፋባቸዋል። «ተስፋ አይቁረጡ፣ ይቀጥሉ» አልኋቸው። ቀጠሉ። በሦስተኛው ወር እንጀራ መጋገር እንኳ አልቻሉም።

በሽታው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 በለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ተመሳሳይ ሕመም ይዞአቸው ነበር፤ አብዛኞቹም የሆስፒታሉ ሠራተኞች ነበሩ። ከ15 ዓመት በኋላ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ነገሩ የጅምላ ስሜት መታወክ ነው ብለው ጻፉ። የገዛ ባልደረቦቻችንን ቃል ያላመንን ሰዎች የአንዲት መምህርትን ቃል አለማመናችን አይደንቅም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ የአቅም መቀነስን፣ የማያሳርፍ እንቅልፍንና ከጥረት በኋላ የሚመጣ መባባስን የበሽታው መለያ አደረገ፤ ከእነዚህም ጋር የማሰብ ችግር ወይም ቆሞ መቆየት አለመቻል ሊኖር ይገባል። መባባሱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ በሽተኛው ራሱ እንኳ ከምክንያቱ ጋር አያገናኘውም። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም በ2021 እንቅስቃሴን በተወሰነ መጠን እያሳደጉ መሄድን ለዚህ በሽታ እንዳይሰጥ ከልክሎ፣ አቅምን መጥኖ መጠቀምን አስቀደመ። ፈዋሽ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም።

እንቅስቃሴን የሚቈጥር መሣሪያ በሰውነታቸው ታስሮ ሲለካ እነዚህ ሕሙማን በአማካይ ከጤነኛ ሰው ያነሰ ይንቀሳቀሳሉ። አማካዩ ግን ያታልላል፤ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ አለ፣ አንድ ቀን ሮጦ ሦስት ቀን የሚወድቅም አለ። መሣሪያው የማያየውም ጥረት አለ። ቡና አፍልቶ ሦስት ጊዜ ማቅረብ፣ ልብስ አጥቦ ማስጣት፣ ልቅሶ ደርሶ እንግዳ ማነጋገር፣ ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ፣ ይህ ሁሉ ከዚያው ካንዱ ቋት ይቀዳል። የኛ ሰው ይህን «ሥራ» ብሎ አይቈጥረውም፤ «ምን ሠሩ?» ስንለው «ምንም» ይላል። እንግዲህ በሽተኛው ለሁለት ሳምንት የሠራውንና የማግሥቱን ሁኔታ በደብተር እንዲጽፍ ማድረግ ብዙ ይጠቅማል፤ ወጪውም የአንድ ደብተር ዋጋ ነው።

ለደከመው ሁሉ ዕረፍት ይታዘዝ እያልሁ አይደለም። በድብርት ወይም ባለመንቀሳቀስ የደከመ ሰው በእግር መሄድ ይረዳዋል። ሁለቱን ለመለየት «ከሄዱ በኋላ በማግሥቱና በሠልስቱ እንዴት ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ እገዛ አለው። እኔ ግን ይህን አልጠየቅሁም ነበር።

መምህርቷ ሥራቸውን ከፋፍለው፣ ሽንኩርት እንኳ ተቀምጠው እየከተፉ፣ በዓመቱ ትንሽ ተሻላቸው። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ዳቦ የምትገዛላቸው የጎረቤት ልጅ ቀረች፤ የታክሲ ወረፋም ተጨመረ። ቆመው መጠበቅ ስለማይችሉ ትንሽ በርጩማ ይዘው ይወጣሉ፤ ሰው እያየ ያጉረመርማል፣ እሳቸው ይቀመጣሉ። ለምርመራ ፒያሳ ድረስ መምጣቱ ራሱ ሦስት ቀን ስለሚጥላቸው፣ አሁን በየወሩ እኔ በስልክ እጠይቃቸዋለሁ።