ከዓሣው በፊት ውሃው
በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የማቀርበው የሒሳብ ሪፖርት ባለመሆኑ ደስ ያላችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ነገሩ ግን ከሒሳብ ብዙ አልራቀም። ለሕፃናት ማቆያችን አኳሪየም ይገዛ የሚለው ሐሳብ ሁለት ስብሰባ አከራክሮናል። ባለፈው ዓመት በጎድጓዳ ብርጭቆ የመጡልን ሁለት ወርቃማ ዓሣዎች በ11 ቀን ውስጥ ሞቱ፤ ልጆቹም አለቀሱ። «ገንዘብ ውሃ ውስጥ መጣል ነው» ያላችሁ አባላት ስጋታችሁ ይገባኛል። እኔ ግን ዓሣዎቹ ለምን እንደሞቱ ብናውቅ ውሳኔያችን ይለወጣል ባይ ነኝ።

ምግብ አላነሳቸውም፣ ብርድም አልገደላቸውም። ዓሣ በመተንፈሻውና በኩሱ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል። ወንዝ ውስጥ ቢሆን ውሃው ይዞት ይሄዳል። በጥቂት ሊትር ጎድጓዳ ብርጭቆ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ ዓሣው ዞሮ ዞሮ የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። አሞኒያ ለዓይን አይታይም። ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ እያየነው ዓሣው ውስጡ ይቃጠላል።

ይህን መርዝ የሚበሉልን ባክቴሪያዎች ናቸው። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ይራባሉ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ እሱም ገና መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያደርሰዋል፤ ናይትሬት በመጠኑ ሲሆን ብዙም አይጎዳ፣ በየሳምንቱ ውሃ ስንቀይር ይወጣል። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ከመስታወቱ ጋር አብረው አይሸጡም። ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ይዘገያሉ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ አኳሪየሙ በዚህ ወር ይገዛ፣ ዓሣው ቢያንስ ከ6 ሳምንት በኋላ ይምጣ። እስከዚያ ማጣሪያው ባዶውን ውሃ እያዞረ፣ በየቀኑ አንድ ቆንጠር የዓሣ ምግብ ይጨመርበት። ምግቡ ሲበሰብስ የሚወጣው አሞኒያ ባክቴሪያዎቹን ይቀልባቸዋል። ዓሣ ለማስገባት ጊዜው መድረሱን የሚነግረን መመርመሪያ ወረቀት ነው፤ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ናይትሬት ሲታይ ማለት ነው። ወረቀቱ እዚህ ከጠፋ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ሰው ካወቃችሁ ደግሞ ከማጣሪያው ያገለገለ ስፖንጅ ቁራጭ ለምኑልኝ። እሱ እንደ እርሾ ነው፤ ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል።

ለምን ወርቃማ ዓሣ ይሁን ላላችሁ፣ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ስለሆነ ነው። ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ ይስማማዋል፤ የአዲስ አበባ ቤት ደግሞ ያለ ማሞቂያ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ድሬዳዋ ብንሆን ይህን አልመክርም ነበር። ማሞቂያ ከሌለ የመብራት ወጪው ትንሽ ነው። 5 ዋት ማጣሪያና 3 ዋት የአየር ፓምፕ ሌት ተቀን ቢሠሩ በወር 6 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞሉም።

የአየር ፓምፑን «ይቅር» የሚል ሰው እንዳይኖር። ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን በደንብ ይይዛል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ይበጃል። እሱም ከሌለ በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው፤ መብራት እስኪመጣም ምግብ አይሰጥ።

ስለ መስታወቱ አጭር ልበል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 40 ሳንቲሜትር የሆነ፣ በ6 ሚሊ መስታወት የተሠራ ይበቃናል። 35 ሳንቲሜትር ድረስ ሲሞላ 84 ሊትር ይይዛል። መስታወት ቤት ካሠራን ሲልከኑ የሻጋታ መከላከያ የሌለበት ይሁን፣ ደርቆም ሽታው እስኪጠፋ ሳምንት ይቆይ። ከጠጠሩና ከመስታወቱ ጋር ክብደቱ ኩንታል ያልፋል። ኩንታል ጤፍ ቡፌ ላይ የምታስቀምጥ እናት የለችምና፣ ይህንንም ቡፌ ላይ አናስቀምጥም። ጠንካራና የተስተካከለ ጠረጴዛ፣ ከመስኮት ፀሐይ የራቀ ቦታ ይፈለግለት። ቦታውን ስንመርጥም ልጆች ሊደገፉበት ሊንጠላጠሉበት እንደሚችሉ አንርሳ፤ ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር ይታሰር።

በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውሃ እንቀይራለን፤ ይህም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ለእኛ ጤና ቢሆንም ባክቴሪያዎቹንም ዓሣዎቹንም ይገድላል። አፉ በሰፋ ባልዲ ቀድቶ ከአንድ ቀን በላይ ክፍቱን ማሳደር ነው። የውሃ ፈረቃ የለመደ ቤት ቀድቶ ማሳደር አይከብደውም። የሚወጣውን ውሃ እንዳትደፉት፤ ናይትሬቱ ለጓሯችን ጎመን ማዳበሪያ ነው። ማጣሪያው ሲቆሽሽም በዚያው በወጣው ውሃ ይታጠብ። በቧንቧ ውሃና በሳሙና ያጠብነው ቀን ስድስቱን ሳምንት እንደገና እንጀምራለን።

በረኪና የነካው ባልዲ አይቅረብ። ፍሊት ደግሞ ዓሣው ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይነፋ፤ ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል።

ከሁለት ዓሣ በላይ አንገዛም። ጅራታቸው ድርብ፣ ሰውነታቸው ድቡልቡል የሆኑት ይሻላሉ፤ ሸንቀጥ ያሉት ባለ ነጠላ ጅራቶቹ እስከ 30 ሳንቲሜትር ሊያድጉ ስለሚችሉ ይህ ቤት አይበቃቸውም። ሱቅ ውስጥ ክንፉን አጥፎ ጥግ የያዘውን አዝናችሁለት አትግዙት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይመገቡ። ሠላሳ ልጅ ሠላሳ ጊዜ ቆንጥሮ ከጣለ አለቀ፤ ስለዚህ ተራ ይውጣና በቀን አንድ ልጅ፣ አንድ ጊዜ፣ ሞግዚቷ አጠገቡ ቆማ። ሌሎቹ ይቁጠሩ፣ ይመልከቱ። ልጅ ተራውን መጠበቅ የሚማርበት ነገር ብዙ የለንም።

አንዲት እናታችን ማቆያው ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፣ ማን ይመግባቸዋል ብለው ጠይቀውኛል። ማንም። ጤነኛ ወርቃማ ዓሣ ሁለት ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም። ቁልፍ ያለሽ እህታችን ቅዳሜ ስታልፊ ማጣሪያው መሥራቱን ብቻ እይልን።