ፍርስራሹን ከመጣላችን በፊት
ለሰበካ ጉባኤያት የሕንፃ ኮሚቴዎች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



አሮጌ አዳራሽ አፍርሰን አዲስ ስንሠራ አስቀድመን የምንከፍለው ፍርስራሹን ለማስጫን ነው፤ ቀጥለን ጠጠር ለማስመጣት እንከፍላለን። በአንዱ በር ድንጋይ አውጥተን በሌላው እናስገባለን፤ ሁለቱም ወጪ ከምእመናን አሥራትና መባ ነው። ወንዝ ዳር የተደፋው ፍርስራሽም የጎርፉን መውረጃ ይዘጋል።

ፍርስራሽን መልሶ መጠቀም አዲስ ነገር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የፈረሱ ቤቶች ጡብ እየተፈጨ ለኮንክሪት ጠጠር ሆኖ አገልግሏል። በእኛም ቅጥር ግቢ የፈረሰው ኮንክሪት ፌሮው ወጥቶለት፣ ተፈጭቶና ተነፍቶ ጠጠር ይሆናል።

ነገር ግን ጠባዩን ልናውቅ ይገባናል። አሮጌ ሲሚንቶና አሸዋ ስለ ተጣበቀበት ከአዲሱ ጠጠር ይልቅ ውኃ አብዝቶ ይመጥጣል። ደረቁን ብናቦካው ድብልቁ ይጠጥራል፤ ሠራተኛውም ውኃ ይጨምራል፤ በዘፈቀደ የተጨመረ ውኃ ደግሞ ጥንካሬውን ይቀንሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ይረጥባል። ጀሶ፣ አፈርና ዕንጨት ይለይለት፤ ጀሶ ከሲሚንቶ ጋር ተዋሕዶ ኋላ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቃልና። የአስቤስቶስ ክዳን ቢኖር ፈጽሞ አይፈጭም፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል።

ከጠጠሩ 30 በመቶ ያህሉ በንጹሕ የተፈጨ ኮንክሪት ሲተካ የጥንካሬው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። ይህም ሆኖ፣ ለእግረኛ መንገድ፣ ለወለል ሥር ሙሌትና ለቀላል ወለል እናውለው እንጂ ያለ መሐንዲስ ፈቃድና ያለ ናሙና ፍተሻ ለዓምድና ለጣሪያ ተሸካሚ አናውለው። የናሙናው ጥንካሬ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይመዘናል። ከጠጠር የተረፈው ገንዘብ በጣሪያው ሥር ከሚቀመጠው ሕዝብ ሕይወት አይበልጥም።

ጠጠሩን ብንቆጥብም የሲሚንቶው ፍላጎት እንደማይቀንስ አንዘንጋ፤ ሲሚንቶን በመቆጠብ ስም ድብልቁን ማሳሳት ልማት አይደለም።

እንግዲህ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መዶሻ ከመነሣቱ በፊት ምን እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚለይና የት እንደሚውል ከመሐንዲሱ ጋር ተመክሮበት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ከፈረሰ በኋላ የሚደረግ ምክር ብዙውን ጊዜ ከተደባለቀ ክምር ፊት የሚደረግ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።