በቃል የተነገረው፣ በወረቀት የተጻፈው፦ ታካሚ ከሐኪም ዘንድ ምን ይዞ ይወጣል?



«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ብሂላችን። የዛሬው ንግግሬ ይህን ብሂል በሐኪምና በታካሚ መካከል አስቀምጦ የሚመረምር ነው። የመጀመሪያውን ሐረግ ጥናቶች ያጸኑታል። ሁለተኛው ግን እውነት የሚሆነው ቅድመ ሁኔታ ሲሟላለት ብቻ ነው።

በቃል ከሚነገረው እንጀምር። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮይ ኬስልስ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2003 የቀደሙ ጥናቶችን ገምግሞ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ታካሚዎች ከሐኪም ከሚሰሙት መረጃ ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያውኑ እንደሚረሱ ጠቅሷል። ካስታወሱት ውስጥም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ ነው። መርሳት ቢያንስ ሰውን ለጥያቄ ያነሣሣል፤ በስሕተት ማስታወስ ግን እርግጠኛ አድርጎ ያሳስታል።

ምክንያቱ የታካሚው ስንፍና አይደለም። የበሽታውን ስም የሰማ ሰው ልቡ እዚያው ስሙ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው የአወሳሰድ መመሪያ በጆሮው እንጂ በልቡናው አያልፍም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፊሊፕ ሌይ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባካሄዳቸው ጥናቶች፣ በመጀመሪያ የተነገረና ታካሚው ዋና ነው ብሎ ያመነበት መረጃ ከሌላው ይልቅ እንደሚታወስ፣ የሚነገረው በበዛ መጠንም የሚረሳው እንደሚበዛ አሳይቷል። በተለመደው የምርመራ ቅደም ተከተል ደግሞ መመሪያው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

እንግዲያውስ ጽፈን ብንሰጠውስ? እዚህ ላይ ፒተር ሃውትስና ባልደረቦቹ በ1998 ያሳተሙትን ሙከራ ልጥቀስ። የኮሌጅ ተማሪዎች ረጅም የሕክምና መመሪያ እንዲሰሙ ተደረገ። መመሪያው በቀላል ሥዕሎች ሲታገዝ፣ ሥዕሎቹም በሚያስታውሱበት ጊዜ ከፊታቸው ሲሆኑ 85 በመቶውን በትክክል አስታወሱ፤ ያለ ሥዕል ግን 14 በመቶውን ብቻ። ተሳታፊዎቹ ታማሚዎች አልነበሩምና ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሐኪም ቤት ማዛወር አይገባም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ወረቀት የትውስታ ምትክ ሳይሆን ቀስቃሽ ነው። አስቀድሞ ያልገባን ነገር ሊቀሰቅስ አይችልም።

ይህን ወደ አገራችን ስናመጣው ሁለት ችግሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የቋንቋ ነው። የሕክምና ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማዘዣውም ለፋርማሲ ባለሙያው እንጂ ለታካሚው አልተጻፈም። በአማርኛ ሲጻፍ እንኳ አሻሚ ሊሆን ይችላል። «በየ8 ሰዓቱ» የሚለው በቀን ሦስት ጊዜ ማለት መሆኑ ለጻፈው ግልጽ ነው፤ ለአንባቢው ግን «በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ» ሊመስለው ይችላል። «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ቢባል ግን ማንም አይሳሳትም።

ሁለተኛው የአንባቢው ማንነት ነው። በብዙ ቤት ወረቀቱን የሚያነበው ታካሚው ሳይሆን ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነው። ልጁ ሐኪሙ ሲናገር አልነበረም፤ እናቱ ነበረች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ስለዚህ የሰማችው አላነበበችም፣ ያነበበው አልሰማም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው ሥርዓት ስድስት ወር ይፈጃል፤ ታማሚው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊሻለው ይችላል። «ቢሻልዎትም አያቋርጡ» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር በሁለቱ መካከል ከጠፋች በሽታው ሊያገረሽ፣ መድኃኒቱን የተላመደ ሆኖም ሊመለስ ይችላል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሌይ እንደመከረው ሐኪሙ ንግግሩን በርእስ ይክፈል፦ «አሁን ስለ ሕመምዎ፣ ቀጥሎ ስለ መድኃኒትዎ፣ በመጨረሻም ቶሎ እንዲመለሱ ስለሚያደርጉ ምልክቶች እነግርዎታለሁ።» ወረቀቱም በእነዚሁ ርእሶችና በዚሁ ቅደም ተከተል ይጻፍ። አብሮ የመጣው አስታማሚ ገብቶ ይስማ። «ገባዎት?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ እንተወው፤ ይሉኝታ ባለበት አገር መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ይልቁንም «ወረቀቱን ይያዙና ቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት አድርገው እንደሚያስረዱት ይንገሩኝ» እንበል። ታካሚው ሲናገር የተሳሳተው ይታረማል፤ ፈተናውም የእርሱ ሳይሆን የእኛ አነጋገር ነው።

የጤና ተማሪዎች፣ የምትጽፉትን ወረቀት ከመስጠታችሁ በፊት ለታካሚው ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡለት። የቋንቋ ተማሪዎች፣ በየመድኃኒት ቤቱ የሚጻፈው አማርኛ የጥናት መስካችሁ መሆኑን አትዘንጉ። ብሂላችን የተስፋ ቃል የሚፈጸመው ሁለታችሁ ስትገናኙ ነው፤ የሚወረሰው ጽሑፍ ተቀባዩ የተረዳው ጽሑፍ ነውና።